ልቧ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ዕለት

የልብስ ሰፊዋ ልብ ድንገት ድው ድው ይልና ክሊኒክ ስትደርስ ጭጭ ይላል። «ጭንቀት ነው» እያሉ ሲመልሷት ባሏ እንኳ ማመን ጀምሮ ነበር። የክሊኒኩ አዲስ ሐኪም ግን የልብ ምት የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ቤቷ ሰደደቻት።

በማግስቱ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ሳለ ልቧ ዘለለ። የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ «መጣልኝ! መጣልኝ!» ስትል ባሏ ከጓዳ ሮጦ ወጣ።

«ማን መጣ?»

«ልቤ ነዋ! አሁን የት አባቱ ይደበቃል!»

ከባሏ ጋር ክሊኒክ ስትመለስ ሐኪሟ ቅጂውን አየችና፣ «ተይዟል! የልብዎ ምት ይዛባል እንጂ ጭንቀት አይደለም» አለቻት። «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ደረትዎን ካመመዎት ግን ወዲያው ይምጡ።»

መድኃኒቱ ውሎ አድሮ ልቧን አደብ አስገዛው። የዚያን ዕለት ግን ባሏን በክርኗ እየጎሸመች፣ «አላልኩህም?» እያለች መንገዱን ሙሉ ስትፍለቀለቅ ቤቷ ገባች።