የልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያ ራዲዮ

ልብስ ሰፊዋ ራዲዮ መጠገን የጀመረችው በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የጀመረችውም ወዳ ሳይሆን ፈርታ ነው።

ባሏን የሠፈሩ ሰው «ጆሮ» ነበር የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ራዲዮ ሲጠግን፣ ገና ክዳኑን ሳይፈታ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይናገር ነበርና። ሰው በር ላይ ቆሞ «ጆሮ አለ?» ሲል፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «አለ፤ ለእኔ ሲሆን ግን አይሰማም» ትላለች። ያ ደግ ጊዜ ነበር። ሱቁና ቤቱ በአንድ ግድግዳ ይዋሰኑ ስለነበር፣ በአንድ በኩል የእሷ መኪና ሲንቀጫቀጭ በሌላው በኩል የእሱ ራዲዮ ሲያፏጭ ይዋላል።

ኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀኙ ብቻ ነበር፤ ሸሚዙን ሲቆልፍ ታየዋለች። ዓመት ሳይሞላ ግራውም ተከተለ። ውሃ ስትሰጠው ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ብቻ መሙላት ለመደች፤ እሱም ለምን ግማሽ ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ሐኪሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለው አይሄድም ብሎ እቅጩን ነገራት። ሱቁ ተዘጋ። መሣሪያው በሣጥን፣ የራዲዮዎቹ የመስታወት አምፖሎች በጋዜጣ ተጠቅልለው በካርቶን፣ ሁሉም አልጋ ሥር ገባ።

አንድ ራዲዮ ብቻ ሳይጠገን ቀረ። የጡረተኛው መምህር ነው፤ ከአባቱ የወረሰው፣ ሣጥኑ ከወፍራም እንጨት የተሠራ፣ ሆዱ ውስጥ አምስት አምፖል የተተከለበት ትልቅ ዕቃ። ጆሮ ጠግኜ አስረክብሃለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶታል። ቤቱን ሰላም የነሳው እንግዲህ ያ ቃል ነው።

አንድ ከሰዓት የሰፋችውን ቀሚስ አድርሳ ስትመለስ፣ ራዲዮው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ የኋላ ክዳኑ ተፈትቶ አገኘችው። ጆሮ አጎንብሶ ካቻቪቴውን በሚንቀጠቀጥ እጁ ወደ ውስጥ ይልካል። የራዲዮው ገመድ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ባለ አምፖል ራዲዮ እንደ ባትሪው ራዲዮ አይደለም፤ ውስጡ የሚዞረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ይህን የነገራት ራሱ ነው፣ ገና ሙሽራ ሳለች፣ ጠረጴዛውን ስትወለውል እንዳትነካ ብሎ። ሮጣ ገመዱን ነቀለችው።

«አንተ ሰው፣ ልትገድለኝ ነው?»

«የምሞተው እኔ፣ የምትጮኺው አንቺ» አለና ሊስቅ ሞከረ።

እሷ አልሳቀችም። ለእህቱ ነገረቻት። እህቱ መጥታ ጋሼ ተው፣ ጋሼ እባክህ ስትል ዋለች፤ እሺ፣ እሺ ብሎ በር ድረስ ሸኛት፤ ነገሩ ግን እሺታ እንዳልሆነ ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ። ራዲዮውን ለመምህሩ እንመልስለት ብትለው ፊቱ ጠቆረ። ይህ ዕቃ ሳይሠራ ከዚህ ቤት ከወጣ እኔም ሰው ነበርኩ አልልም አላት።

ከዚያ ወዲያ የትም ወጥታ ልቧ አልረጋም። ገበያ ሄዳ የምትሻውን ግማሹን ሳትገዛ ትመለሳለች። ደንበኛ ወገብ ትለካና ቁጥሩ ከአፏ ሳይወጣ ይጠፋባታል፤ አንዷማ «እትዬ፣ ሦስቴ ለካሽኝ፣ እየወፈርኩ ነው እንዴ?» ብላታለች። ሰው ፊት ፈገግ ትላለች እንጂ ዓይኗ ላይ ያለው ወለሉ ላይ የተዘረጋ ባሏ ነው። ደብቃ እንዳትቆልፍበት መሣሪያው የእሱ ነው፤ ሰውየውም ሕፃን አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አስተምረኝ» አለችው። «ጆሮው ያንተ ይሁን፣ እጁ የእኔ።»

እሱም የመሣሪያውን ሣጥን በእግሩ ወደ እሷ ገፋው።

ሲያስተምር ቁጡ ነበር። መጀመሪያ ያስጠናት አንድ እጅ ነው። ራዲዮው ሆድ ውስጥ ሁለት እጅ አይገባም፤ ኤሌክትሪኩ በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን አቋርጦ ነው የሚያልፈው አላት። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሁለት እጅ ጨርቅ ስትመራ ለኖረች ሴት ይህ ከባድ ነው፤ ግራ እጇ ሳታዘው ይመጣል። ስለዚህ በሽርጧ ማሰሪያ ከጀርባዋ ታስረዋለች። ቀጥሎ፣ ሳይሠራ የኖረ ራዲዮ በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንደማይሰካ ነገራት፤ በገመዱ መንገድ ላይ ተራ የቤት አምፖል ይገባበታል፤ አምፖሉ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ተቃጥሏል፣ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ከሁሉ በላይ ግን ያስፈራት ኮንደንሰሩ ነው። ትንሽ ጣሳ ይመስላል፤ ኤሌክትሪኩን አጠራቅሞ ይይዛል፤ ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎም አይለቅም። ማፍሰሻ የምትሆን ገመድ ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጣት፤ ራዲዮው በተነቀለ ቁጥር ጫፏን ጣሳው ላይ አድርገሽ እስከ ሠላሳ ቁጠሪ አላት። እሷ እስከ ስድሳ ትቆጥራለች።

በመጀመሪያው ሙከራ የቤቱ አምፖል ቦግ እንዳለ ቀረ። ነቀለች፣ ቆጠረች፣ አሮጌውን ኮንደንሰር አውጥታ አዲስ በየደች። የብየዳው እርሳስ ሲቀልጥ ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ እሷ ግን ዓይኗን ለመጨፈን እንኳ ትፈራለች። ማታ ማታ ጣቶቿ ክር ማስገባት እስኪያቅታቸው ይደነዝዛሉ። ጆሮ ይህን አላየም፣ ወይም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዝናብ የጣለ ከሰዓት ነው፣ ሰካችው። የቤቱ አምፖል ቦግ አለና ቀስ ብሎ ደበዘዘ። አምስቱ የመስታወት አምፖሎች እንደ ፍም ቀሉ። ራዲዮው አጉረመረመ፣ ከዚያ ሩቅ የሆነ የሰው ድምፅ መጣ። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ይቧጭራል። ያቺ የበየድሻት ሽቦ ጫፏ የውስጡን ብረት እየነካ ነው። ንቀይና እያት።»

ነቀለች። አጎንብሳ ስታይ እውነቱን ነው፤ ከሽቦው ፀጉር የምታህል አንዲት ክር አፈንግጣ ወጥታለች። ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ክር ሲያይ የሚያደርገውን ማንም ሰፊ ያውቀዋል። ግራ እጇ ታስሯል፣ በቀኟ ብረቱን ደግፋለች። ማፍሰሻዋ ገመድ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠች፣ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ ልትበጥስ አፏን አስጠጋች።

ጆሮ ድምፁ አልወጣም። ተወርውሮ ግንባሯን ገፋ፤ እጁ ግን እየተንቀጠቀጠ አዳልጦት ጣቶቹ ወደ ውስጥ ሾልከው ጣሳውን ነኩ። ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ወደ ኋላ ሄዶ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተላተመና ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

ያ ሁሉ ወር ዓይኗ ላይ የኖረው ነገር ይኸው ፊት ለፊቷ ሆነ፤ ያደረገችውም እሷ ናት። በጉልበቷ ሄዳ ደረቱ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች፤ የራሷ ልብ እየጮኸ የእሱን አላሰማት አለ። ብቻ ሸሚዙ ከፍ ዝቅ ሲል አየች።

«ደህና ነኝ» አለ ከቆይታ በኋላ። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኗል። «በሥራ ዘመኔ ኤሌክትሪክ ሦስቴ ይዞኛል። ከአንቺ ደብቄ ነው።»

«ሦስቴ?»

«ያኔ አልፈራሁም። ዛሬ አፍሽ ወደዚያ ሲጠጋ ነው መፍራት ምን እንደሆነ ያወቅሁት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ይህን ነው በየቀኑ ስትሸከሚ የከረምሽው?»

ስታለቅስ ግራ እጇ አሁንም እንደታሰረ ነበር፤ እንባዋን በቀኟ ብቻ ጠረገች። እሱ በዚያ በማይታዘዝ እጁ ማሰሪያውን ሊፈታላት ብዙ ደከመ። ቋጠሮው አልፈታ አለው፤ እሷም አላገዘችው፣ እስኪፈታ ጠበቀችው።

በማግሥቱ ጆሮ ወንበሩን ከጠረጴዛው አርቆ መስኮቱ ሥር አስቀመጠ። ማንም አርቀው አላለውም። ከዚያ ሆኖ እየመራት፣ እሷ ሁለት ጊዜ ስድሳ ቆጥራ፣ ክሯን በፒንሳ ቆርጣ ጨረሰች። መምህሩ መጥቶ ራዲዮውን ሲሸከም እጅህን ይባርከው ብሎ ጆሮን አመሰገነ። ጆሮም የሚባረከው የእሷ እጅ ነው አለው፤ መምህሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በዚያ ሳምንት ቀሚስ ልታደርስ ወጣች፤ አልሮጠችም። ስትመለስ ግን በሩ ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ቤቱ ፀጥ ብሏል። መክፈት ፈራች።

«አለህ?» አለች ከደጅ።

ትንሽ ዘገየ።

«አለሁ፤ ግቢ።»