ሳይላቀቅ ዘጌ ደርሶ መመለስ

ከዱርቤቴ እስከ ባሕር ዳር

ከቤት የወጣነው ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው የልጅ ልጄ የትርንጎ ክንድ ላይ ስኳር የሚለካ ሴንሰር ለማስገጠም፣ ሁለተኛው ዘጌ ያለብኝን ስለት ለማድረስ።

ትርንጎ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። የስኳር ሕመም ካገኛት ወዲህ ኢንሱሊን ሳትወጋ የዋለችበት ቀን የለም። ባለፈው ክረምት ስኳሯ በእንቅልፏ ወርዶ ብጠራት ብጠራት አልነቃ አለችኝ። ጎረቤት ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ሲያደርሳት እኔ ከኋላ እየሮጥሁ፣ "ካተረፍሽልኝ ጃንጥላ ይዤ ደጅሽ አመጣታለሁ፣ በጠበልሽም አስጠምቃታለሁ" ብዬ ለእመቤቴ ተሳልሁ። ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ሐኪሟ፣ "ሌሊት ለምን እንደሚወርድ ሳላይ መድኃኒቱን በግምት አልቀይርም። ሁለት ሳምንት ሳያቋርጥ የሚለካ ነገር ቢገኝ ጥሩ ነበር" አለኝ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ሰብለ ነርስ ናት። ከውጭ በመጣ ሰው እጅ አንድ ሴንሰር አገኘችልን። አንድ ብቻ። ሌላ መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም።

መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ጠይቄ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ጃንጥላው ቀይ ከፋይ ነው፤ ጫፉ ላይ ወርቃማ ዘርፍ አለው። አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ በጉልበቴ መሐል አቆምሁት። መኪናው ሊነሣ ሲል ረዳቱ እኛ ወዳለንበት ወንበር አራተኛ ሰው ይዞ መጣ።

"እማማ፣ ልጅቱን እቅፍ ያድርጓት።"

"ሒሳብ ከፍላለች?"

"ከፍላለች።"

"ከከፈለች ወንበሯ የት ሄደ? እኔ እንዳቅፋት ከሆነ ገንዘቡን ለእኔ ስጠኝ።"

ተሳፋሪው ሳቀ። "እማማ ጠበቃ ነዎት እንዴ?" አለኝ ረዳቱ።

"ብሆን ኖሮ መኪናህን አስቆምሁት ነበር።"

አራተኛው ሰውዬ አፍሮ ወደ ኋላ ሄደ። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ "እምዬ፣ ገና ሴንሰሩ እንኳ አልተገጠመልኝም" አለች። እኔ ግን ስንመለስ ክንዷን የሚገፋባት እንዳይኖር ከአሁኑ መለማመዴ ነበር።

መራዊ ዙሪያ በመስኖ የበቀለው ስንዴ አረንጓዴ ነው። ሽንኩርት በጆንያ ተሞልቶ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ትርንጎ ምሳዋን በሰዓቷ መብላት ስላለባት ይዤላት የመጣሁትን እንጀራ መኪናው ውስጥ አበላኋት፤ ባሕር ዳር ስንገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

ዓባይ ማዶ

ባጃጅ ይዘን ድልድዩን ተሻገርን። ታላቅ እኅቴ እትዬ የሻረግ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እግራችንን አሳጥባ፣ አብልታ፣ ሰብለ ከሥራ ስትመለስ ወደ ጉዳያችን ገባን።

ሴንሰሩ የካፖርት ቁልፍ ያህል ነው፤ ነጭና ክብ። ሰብለ የትርንጎን ግራ ክንድ ከጀርባው በኩል በአልኮል ጠረገችና ቆዳው እስኪደርቅ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እኔ ቸኮልሁ፤ እርሷ አልቸኮለችም።

"እርጥብ ቆዳ ላይ አይዝም፣ አክስቴ። ቅባት የነካው ላይማ ጭራሽ። ቫዝሊንም ሎሽንም እዚህ አካባቢ እንዳይደርስ።"

ከዚያ ጠቅ አደረገችው። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ገልጣ፣ "ይኼው ነው?" አለች።

"ቢላቀቅስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"መልሰው አይለጥፉትም። ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነገር ቆዳዋ ውስጥ ገብታለች። እርሷ ከወጣች አበቃ።" የፕላስተር ጥቅልል ሰጠችኝ። "ጠርዙ ከተነሣ ዙሪያውን በዚህ ይያዙት።"

ቁጥሩ በሰብለ አሮጌ ስልክ ላይ ይታያል፤ ስኳሯ ሲወርድ ስልኩ ይጮኻል። ስልኩን ለትርንጎ አንገቷ ላይ በክር አንጠለጠልንላት።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ስመለስ እትዬ የሻረግ ልጅቱን ነጭ ቀሚስ አልብሳ፣ ሹሩባዋን በለጋ ቅቤ አንቆጥቁጣ፣ አናቷ ላይም ቅቤውን እንደ ቆብ ጭናባት አገኘሁ።

"ለስለት የሚሄድ ልጅ በደረቅ ራስ አይሄድም" አለችኝ። "ዱርቤቴ ቅቤ ጠፋ እንዳይሉሽ።"

እኛ ዘንድ ልጅን አክብሮ ደጀ ሰላም ማድረስ እንዲህ ነው፤ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ተቀብቼ ነው የሄድሁት። የተቀባው ራሷ እንጂ ክንዷ አይደለም ብዬ አለፍሁ።

በሐይቁ ላይ

ጀልባው ላይ ከእኛ ጋር የዘጌ ሰዎች ነበሩ፤ ሳሙናና ዘይት ሸምተው የሚመለሱ። ጎኔ የተቀመጠችው ባዶ ቅርጫት የያዘች የሎሚ ነጋዴ ነበረች። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ መረብ ያነሣል። ጀልባው ጣሪያ የለውም፤ ፀሐይዋ እየጠነከረች መጣች።

"እምዬ፣ ክንዴን ይበላኛል" አለችኝ ትርንጎ።

ዞር አድርጌ አየኋት። ቅቤው ቀልጧል። ከጆሮዋ ሥር በአንገቷ ወርዶ፣ በትከሻዋ በኩል እጅጌዋ ውስጥ ገብቶ፣ ሴንሰሩ ድረስ ደርሷል። ጠርዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ተነሥቷል።

ፕላስተሩን ቆርጬ ለጠፍሁ፤ ተንሸራተተ። ክንዷን በነጠላዬ ጠርጌ ደግሞ ለጠፍሁ፤ እንደገና ተንሸራተተ። ከላይ የሚወርደው አላቆመማ! የነጠላዬን ጥለት በጥርሴ ተርትሬ ክንዷን ጥብቅ አድርጌ አሰርሁት።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ወርዷል ይላል። ስኳር ከመቀነቴ ፈትቼ አፏ አጠገብ ሳደርስ ትርንጎ እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ፣ እምዬ። አላላበኝም። እጄም አይንቀጠቀጥም። በጣቴ እንየው።"

ጣቷን ወግታ በድሮው መለኪያ ለካች። ስኳሯ ደኅና ነው። የታሰረውን ክንዷን አየት አደረገችና፣ "ማሰሪያሽ ነው። አነቅሽው" አለችኝ።

አላላሁት። ከማሰሪያው ሥር ጣት እስኪገባ አላላሁትና ጠበቅን። ቁጥሩ ቀስ እያለ ተመለሰ። ያን ያህል ዘመን የታመመ አካል ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል ሲባል የሰማሁት ለዚህ አልሠራም። ላልቶ የታሰረ ነገር ደግሞ ቅቤ አያቆምም። ፀሐይዋ ካልተከለለች ሁሉም ከንቱ ነው።

ጉልበቴ መሐል ያለውን ጃንጥላ አየሁት። ለስለት የተለየ ዕቃ ሳይሰጥ አይገለጥም፤ አይሞከርም። ይኼን እያወቅሁ ነው ያደግሁት። ላስቲኩን ቀደድሁና ዘረጋሁት።

ከፋዩ ቀይ ጥላውን ትርንጎ ላይ ጣለ። ነጋዴዋ ጉንጯን ያዘች።

"ውይ! የስለት ጃንጥላ? ሳይሰጥ?"

"ሳይሰጥ።"

"አትፈሪም?"

"የፈራሁትስ ሌላ ነው።"

ልጅቱን አየቻት፤ ክንዷን አየች። ከዚያ ነፋስ ጃንጥላውን እንዳይወስድብኝ ዘንጉን ከታች በኩል ያዘችልኝ። ዘጌ እስክንደርስ አልለቀቀችም።

ጠበሉ ዘንድ

ከወደቡ እስከ ገዳሙ በጫካ ውስጥ ነው መንገዱ። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጃንጥላውን አጠፍሁት። ጠበሉ ዘንድ ሰው ተሰልፎ ነበር። ከፊታችን የቆሙት ሽማግሌ ከዛፍ ወድቀው ታፋቸው ውስጥ ሐኪም ብረት አስገብቶላቸዋል፤ ተራ እስኪደርሳቸው ታሪካቸውን አጫወቱኝ። ተጠምቀው ወጡ። የእኛ ተራ ደረሰ።

አጥማቂው ጎልማሳ ነው። የትርንጎን ክንድ ሲያይ ጣሳውን አስቀመጠ።

"ይኼ ምንድን ነው? ክታብ አስሮ ጠበል መግባት ክልክል ነው። ይፈታ።"

"ክታብ አይደለም። ሕክምና ነው።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ እናቴ። ማሰሪያው ይፈታ፣ ከሥሩ ያለውም ይውለቅ። ጠበል የሚሻው እምነት ነው።"

"አሁን የወጡት ሽማግሌ ታፋቸው ውስጥ ብረት አለ። ብረትዎን አውጥተው ይግቡ ብለሃቸዋል?"

"እርሱ ውስጥ ነው፤ አይታይም።"

"የእርሷም ግማሹ ውስጥ ነው። የሽማግሌ ብረት እምነት ሳያጎድል የልጅ ብረት የሚያጎድልበት ሕግ የት አለ? አሳየኝ።"

"እናቴ፣ አይጩሁ፤ ገዳም ነው።"

"አልጮኽሁም። ስጮኽ ታውቀዋለህ።"

ድምፃችንን ሰምተው አንድ አረጋዊ መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። አጥማቂው ነገራቸው፤ እኔም ነገርኋቸው። ሁለታችንንም ሰምተው ሲያበቁ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

"አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ። ምን ይሠራልሻል?"

"ስኳሬ ሲወርድ ይጮኻል፣ አባ" አለች። ቀና ብላ አላየችኝም። "ያስገጠምሁት እምዬ እንድትተኛ ነው። ከክረምት ጀምሮ አትተኛም። የተኛሁ መስዬ አያታለሁ፤ እየመጣች ትንፋሼን ትሰማለች።"

ታያለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባ ወደ አጥማቂው ዞሩ። "ጠባቂዋ ነው። ተወው" አሉት።

ያን ጊዜ ነው ጃንጥላውን ያቀረብሁላቸው። "አባ፣ ይኼ ስለቴ ነው። ግን ሳላስረክብ ጀልባ ላይ ዘርግቼዋለሁ።"

"ለማን?"

"ለእርሷ። ለፀሐዩ።"

"ታዲያ ሥራውን ጀምሯላ!" አሉና ተቀበሉኝ።

ሊያስቀምጡት ሊሄዱ ነው ስል እንደገና ዘረጉት። ትርንጎ ግራ ክንዷን ወደ ጎን ዘረጋች፤ እርሳቸው በክንዷ ላይ ጃንጥላውን ያዙ፤ አጥማቂው ከራሷ ላይ በቀስታ አፈሰሰ። ውኃው ከከፋዩ ላይ እየተንከባለለ በዘርፉ ወደ መሬት ይወርዳል። እኔ ከጃንጥላው ሥር ሁለት መዳፌን ሴንሰሩ ላይ ጣሪያ አድርጌ፣ ሳልጫነው ቆምሁ። ጀርባዬ ድረስ በሰበስሁ። ትርንጎ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ "እምዬ፣ ቅቤው ረጋ" አለችኝ። አጥማቂው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሴንሰሩ ቦታው ላይ ነበር።

መመለስ

ማታ ሰብለ የክንዷን ቅባት በጥንቃቄ ጠርጋ፣ አድርቃ፣ ፕላስተሩን መሐሉን ክፍት ትታ ዙሪያውን ለጠፈችው። ያዘ። እትዬ የሻረግ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር።

"ልገድላት ነበር እኮ።"

"አክብረሽ ሰደድሻት፣ እትዬ። ሁለታችንም ቅቤ ይወርዳል ብለን አላሰብንም።"

በማግሥቱ በዚያው መንገድ ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ትርንጎ ግራ ክንዷን ወደ እኔ አድርጋ ተቀመጠች፤ የነካት የለም።

ዱርቤቴ ሁለቱን ሳምንት እንግዳ እንዳለበት ቤት ተጠንቅቀን ኖርን። ራሷ ቅቤ ሳይነካው ሰነበተ። በቀኝ ጎኗ ተኛች፤ በግራዋ ስትተኛና ስትጫነው ያለ ምክንያት እንደሚጮኽ ጀልባ ላይ ተምረናልና። በእውነት የጮኸበትም ጊዜ ነበር፤ ተነሥቼ ጣፋጭ አጠጣኋት። ሰብለ መጥታ የስልኩን ቁጥሮች ለሐኪሙ አሳየችው። ሌሊት ስኳሯን የሚያወርደው የማታው መርፌ ነው ብሎ ቀነሰላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በጣቷ ስትለካ ደኅና ነው።

ጉዞው ያስተማረኝ ይኼን ነው፤ እንደ እኔ ልጅ ያላችሁም ስሙ። ቆዳው ይጽዳ፣ ይድረቅ፤ ቅባት ከራስም ቢሆን ይወርዳልና ተጠንቀቁ። ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። አውልቁ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ሌላውን ምን አውልቅ እንዳለው ጠይቁት።

ጊዜው ሲያበቃ ሴንሰሩ አልላቀቅ አለ። እንዳይላቀቅ ያን ያህል ስንጨነቅለት እንዳልከረምን፣ ትርንጎ ጠርዙን ብትጎትት ቆዳዋን ይዞ መጣ።

"እምዬ፣ ቅቤ አምጪ" አለችኝ።

ለጋ ቅቤ በጣቴ ጫፍ አምጥቼ ዙሪያውን ቀባሁት። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ተንሸራቶ መዳፌ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ክብ ቆዳ ቀረ፤ መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለች። ሳምሁት።

"እንግዲህ ያለ ጠባቂ ተኚ" አለችኝ።

ተኛሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቼ ትንፋሿን ሰማሁ።