ሦስት ቀን የበሬ ዘፈን

አዲስ ሸራ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣውን ሽታ አልወደውም። ባለፈው ጥቅምት የፍኖተ ሰላም ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የድሮ ተማሪዎቼ ልጆች፣ ቡሬ አጠገብ ፈጣም ወንዝ ዳር የሦስት ቀን የባህልና የዘፈን በዓል አዘጋጅተናልና የክብር እንግዳ ይሁኑልን ብለው በመኪና ወሰዱኝ። ከትልቁ ድንኳን አስገብተው ከፊት ወንበር ሲያስቀምጡኝ ያ የሞቀ ሸራና የተረገጠ እርጥብ ሣር ሽታ አፍንጫዬን መታው። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎታል። ዓይኔ ግን በራሱ ጊዜ ማን በሩ ላይ እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደሚያይ፣ ወረቀት የያዘው ማን እንደሆነ ይፈልግ ጀመር።

ጣልያን ቡሬ ከገባ ወዲያ መንደራችን ጥርጣሬን እንደ ዳዊት ደግሞት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እናቴ ደግሞ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ቢጮህ ማን ልኮት ይሆን የምትል ሴት ነበረች። ለዚህም ምክንያት ነበራት። በፈረሱ ስም አባ ሸብር የሚባለው አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገብቷል። እኛ ግን ዓባይ በረሃ ወርዶ በንዳድ ሞተ ብለን ለቅሶ ተቀመጥን፤ እናቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ደረቷን እየመታች ረጅም ሙሾ አወረደች፤ ተዝካርም አወጣን። የተዝካሩ ጠላ እንዴት ያለ እንደነበር አባቴ ራሱ መስክሯል፤ እናቴ አንድ እንስራ ደብቃ ልካለት ነበርና። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከማሳችን ጥግ ወዳለችው የእህል ጥበቃ ጎጆ ይመጣል፤ እኔም ቁርስ አደርስለታለሁ። ይህን የምናውቅ እናቴ፣ እኔና አያ እንዳላማው ብቻ ነበርን።

አያ እንዳላማው ጎረቤታችን ነበር፤ አዝማሪ ነው፤ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ በክርስትናዬ ቀን እስኪደክመው የዘፈነ። የመሰንቆውን ጭራ ሙጫ የማሸው እኔ ነበርሁ፤ ለዚህ ሥራ ከራሱ ልጆች እኔን መምረጡ ያኮራኝ ነበር።

ታዲያ በአንዱ ጥቅምት የቡሬው የጣልያን ሹም፣ ፈጣም ዳር ሦስት ቀን የሚቆይ የዘፈንና የጨዋታ በዓል አለና ዘፋኙ፣ ፎካሪው፣ እስክስታ መቺው፣ ፈረስ ጋላቢው ሁሉ ይምጣ ብሎ በገበያ ቀን አስለፈፈ። መንደሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መከረ። ፈረስ አምጡ የሚሉን ሊነጥቁን ነው ተባለ። ፎክሩ የሚሉንም ወንድ ልጅ ደሙ ፈልቶ የጣለውን ሲዘረዝር ሊመዘግቡት ነው። አለመሄድ ደግሞ ያስጠረጥራል። በመጨረሻ ሽማግሎቹ ፈረሱ ሁሉ አንክሷል ተብሎ እንዲቀር፣ የሄደውም ሰው የበሬ ዘፈን ብቻ እንዲዘፍን ወሰኑ።

እውነቱን ልናገርና እኔ ያን በዓል ወድጄው ነበር። የኑጉ አበባ ከወንዙ ማዶ እስከ ተራራው ሥር ቢጫ ሆኗል፤ ነጫጭ ድንኳኖች ተደርድረዋል፤ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ካፒቴን ድምፅ የሚይዝ ሳጥን ይዞ ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ይሮጣል፤ የያዘውንም ድምፅ መልሶ ሲያሰማ ሴቶቹ ያማትባሉ። የእኛ ሰዎች በተራ እየተነሡ ስለ በሬ ቀንድ፣ ስለ በሬ ሻኛ፣ ስለ በሬ አስተራረስ ዘፈኑ። ምሳ ተበላ፤ እንደገና በሬ። ካፒቴኑ ደስታውን አልቻለውም። አስተርጓሚው ግን፣ ከሩቅ አገር የመጣ ድምፁ ለስላሳ ሰው፣ እሱም እንደኛው ተጠራጣሪ ነበርና በሁለተኛው ቀን አያ እንዳላማውን ለብቻው ወስዶ፣ ዳቦ እየቆረሰ እያበላ፣ እነዚህ በዘፈናችሁ ቦራና ዳልቻ የምትሏቸው ሰዎች ወዴት ነው የሸፈቱት ብሎ ጠየቀው። አያ እንዳላማው ቦራ ባለፈው ፋሲካ ታርዷል፣ ዳልቻ ግን እያረሰ ነው ብሎ መለሰለት። ይህን ሲነግረን እናቴ እንኳ ሳቀች። ዳቦውን ሲጎርስ ያየው ሰው ግን ብዙ ነበር፤ ያ ሰው ሁሉ አልሳቀም።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አስተርጓሚው እኛን ልጆችን ከሳጥኑ ፊት ሰበሰበ። ተራዬ ሲደርስ ከሌሎቹ ነጥሎ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቀኝ፤ አባቴ ሞቷል አልሁ፣ እንደተማርሁት። ፊቱ ከልቡ አዘነ። ካፒቴኑ የአገሩን ለቅሶ መስማት ይፈልጋልና እናትሽ ለአባትሽ ያወረደችውን ሙሾ አሰሚን አለኝ። ሙሾውን ከዳር እስከ ዳር ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ ለቅሶ ወዲህ አንዲቱን ስንኝ ባንጎራጉር እናቴ አፌን በመዳፏ ትከድናለች፤ አንድ ጊዜ የዋሸነውን እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሁለተኛ ከተባለ ግን ይደርስበታል እያለች። ያ ሳጥን ደግሞ አንዴ ያሉትን መቶ ጊዜ የሚደግም ነው። አባቴን መቶ ጊዜ ሲገድለው ታየኝ። እምቢ አልሁ። ለምን ቢለኝ፦

«በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ አይወረድም። ሟርት ነው» አልሁት።

አልተቆጣም። ራሴን ዳበሰና ከረሜላ አስጨበጠኝ። ካፒቴኑ ምንም ሳይገባው ሳጥኑን ይጠመዝዛል። ከኋላዬ የቆመው አያ እንዳላማው ግን እጁ ከመሰንቆው ጭራ ላይ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መሰንቆውን ለልጁ ሰጥቶ፣ በዓሉ ሳይበተን፣ ሰው ሁሉ እያየው ወደ እኛ ማሳ አቅጣጫ ገሠገሠ።

አባቴን ሊያስመልጥ ነበር የሄደው፤ ማግሥቱ አባቴ የሚመጣበት እሑድ ነበርና። በላይኛው መንገድ ይመጣል ብሎ እዚያ ጠበቀው፤ አባቴ ግን በታችኛው መጣ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከጎጆዋ በኩል ተኩስ ሰማን፤ የጣልያን ወታደሮች ሌሊቱን ማሳውን ከበው አድረው ኖሯል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ያንኑ ሙሾ አወረደች፣ አንዲት ቃል ሳትለውጥ።

ቀብሩ ላይ አገሩ ፈራጅ ሆነ። ዳቦውን ማን በላ? እንዳላማው። ከአስተርጓሚው ጋር ማን ተመካከረ? እንዳላማው። ዋዜማውን ወደ ጎጆዋ ማን ሄደ? ከዚያ ወዲያ ከቤቱ እሳት የሚጭር፣ ለሰርግ የሚጠራው ጠፋ፤ ለሰርጉ አዝማሪ ከጅጋ ድረስ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ከምንጭ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኝ፤ ከስቷል። እንስራዬን አወረድሁ። ያን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ለእናቴ ልነግራት ነው አልሁት፣ እያለቀስሁ።

«አትንገሪያት። ባሏን አጥታለች፣ አንችንም አትጣ» አለኝ። «እኔ አዝማሪ ነኝ፣ ስድቡን ለምጀዋለሁ።»

በሳምንቱ ቤተሰቡን ይዞ ፈረስ ቤት ወደሚባለው አገር ወጣ። ዳግመኛ አላየሁትም። ጣልያን ሄደ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ እኔም ተምሬ አስተማሪ ሆንሁ፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ በየጸሎቷ መጨረሻ እየረገመችው ኖረች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን ብያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት እንግዳ ከሆንሁበት ድንኳን ውስጥ አንድ ለግላጋ ወጣት አዝማሪ ተነሣና የአርበኞቹን የፈረስ ስም እየጠራ አወደሰ። አባ ሸብር ላይ ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። ቀጥሎም ወዳጁን በቁራሽ ዳቦ የሸጠውን አዝማሪ የሚሰድብ ግጥም አወረደ፤ ሕዝቡ ሳቀ። ስሙን እንኳ አያውቁትም፤ ስድቡ ብቻ ነው የቀረላቸው። ከዚያ ልጁ ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለና «እማማ፣ አንድ ግጥም ያቀብሉኝ» አለኝ።  የጭራው ሙጫ ሸተተኝ። አፌን ከፈትሁ፤ እንዳላማው የሚለው ስም ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ እንባዬ ቀደመው። ለአባቷ አለቀሰች ብለው ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡልኝ፤ ልጁም ያቺኑ የስድብ ግጥም ለእኔ ክብር ብሎ ደገማት።

አላስቆምሁትም። ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አያ እንዳላማው ያን ቀን ከምንጩ መንገድ የተሸከመልኝን ስድብ እስከ ዛሬ አላወረድሁለትም።