ደቅ ላይ የተሸጠው አንድ መጽሐፍ

ወለተ ኪዳን በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መዝገብ ቤት፣ የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ላያት ሰው፣ ጣቶቿ ብቻ ሥራ ገብተው እሷ ቤቷ የቀረች ትመስል ነበር። ጣቶቿ ደብዳቤውን ይመታሉ፤ ዓይኗ በመስኮቱ አሻግሮ ሐይቁ ላይ ይውላል። ጧት ጧት ጣና ጉም ለብሶ፣ ውኃውና ሰማዩ የት ላይ እንደሚለያዩ ሳይታወቅ፣ አንዲት ታንኳ አየር ላይ የተንጠለጠለች መስላ ብቅ ትላለች። ወለተ ኪዳንም ታንኳዋን የሚቀዝፈው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጫነ፣ በየትኛው ደጅ ማን እንደሚጠብቀው ማሰብ ትጀምራለች። እንዲህ በቁሟ ስታልም አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ በሚላክ ደብዳቤ ላይ «ሁለት መቶ ጣቃ አቡጀዲ» ማለት ሲገባት «ሁለት መቶ ታንኳ አቡጀዲ» ብላ መታች። አለቃዋም እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመበት። አዲስ አበቦች ያን ሁሉ ታንኳ የት ሊያስሩት እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የተወለደችው ደቅ ደሴት ላይ ነው። አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ፣ ደቀ መዝሙር ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ነበሩ። መጻሕፍቱ በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው ከግድግዳው ችካል ላይ ተሰቅለው ይውላሉ። እናቷ ወይዘሮ አገርነሽ ደግሞ ለአርባ ዓመት የነዚያን ማኅደሮች አቧራ ሲያራግፉ ኖሩ እንጂ ውስጣቸው ካለው አንዲት ፊደል እንኳ አያውቁም ነበር። ማን ጠይቋቸው!

መሠረተ ትምህርት ደሴቲቱ ላይ የገባ ጊዜ ወይዘሮ አገርነሽ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ዋርካ ሥር ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተኮልኩለው ፊደል ቆጠሩ፤ ስማቸውን ጻፉ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ወረቀቷንም ከባላቸው ማኅደሮች ጎን ሰቀሏት። ከዚያ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር ከየት ይምጣ? ግድግዳው ላይ ያሉት ሁሉ በግዕዝ የተጻፉ ናቸው፤ የመማሪያዋ መጽሐፍም አንዴ ካለቀች አለቀች። በሁለተኛው ዓመት ወለተ ኪዳን ልትጠይቃቸው ስትሄድ እናቷን የምስክር ወረቀቷ ፊት ቆመው አገኘቻቸው።

«ወለተ፣ ይቺ የእኔ ስም ናት?» አሉ።

«አዎ እምዬ። በእጅዎ የጻፉት እኮ ነው።»

«ጽፌውስ ነበር። ጠፋብኝ፣ ልጄ። ደጋግሜ አየሁት፤ እምቢ አለኝ።»

በዓመቱ ወይዘሮ አገርነሽ አረፉ። ወለተ ኪዳን አልቅሳ አልወጣላትም። ሞት ያለ ነው፤ ያች ስሟን ፈልጋ ያጣች ሴት ግን በሄደችበት ሁሉ ተከተለቻት። ከእናቷ ጋር ዋርካው ሥር የተቀመጡት ሌሎቹ ሴቶች አሁንም አሉ። የሚያነቡት ነገር ካላገኙ የእነሱም ፊደል እንዲሁ ሊጠፋ ነው። ይህን አሰበችና በምሳ ሰዓቷ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሻይ ቤት ሲሄድ፣ ለደቅ ሴቶች መጽሐፍ መጻፍ ጀመረች።

መጽሐፉ የውኃ ዳር ወሬ ነው፤ ስሙንም «የውኃ ዳር ወሬ» አለችው። ለታንኳ መሥሪያ ደንገል የምታጭድ ሴት አለችበት፤ ወፍጮ ቤት ለመድረስ ሐይቅ የምታቋርጥ ሙሽራ አለችበት፤ ሰው የማይፈራ አንድ ጉማሬም አለበት። ዓረፍተ ነገሩ አጫጭር፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው። ረቂቁ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ በስምንተኛው ወር ሲመለስ፣ ጉማሬው «የሐይቁ ንጉሥ» የተባለበት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም «ንጉሥ የለም» ተብሎ ተጽፎበታል። ወለተ ኪዳን ብዙ አሰበች። ሊቀ መንበር ብትለው የባሰ ሊመጣ ነው። በመጨረሻ «የሐይቁ ጎረቤት» አለችው፤ ጉማሬውም አልከፋውም። የዕቁብ ዕጣዋ ሲወጣላት አንድ ሺህ ቅጂ አሳተመች፤ ሣጥኖቹም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭነው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡ።

በዘንባባው መንገድ ላይ የአቶ ሣህሉ መጽሐፍ ቤት አለ። አቶ ሣህሉ ከሸዋ የመጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቀኑን ሙሉ የሚፈልጉት ሰው ናቸው። መጽሐፉን በአንድ ከሰዓት አንብበው አስጠሯት።

«ወድጄዋለሁ» አሏት። «ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ያለ መነጽር ነው የጨረስኩት። አንድ ሺውንም እወስድልሻለሁ። መስኮቱ ላይ እደረድረዋለሁ። የፋብሪካው ሰው፣ የኮሌጁ ተማሪ፣ እንግዳው ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው። ግን ከእኔ ሌላ ማንም ዘንድ አይኖርም። መጽሐፍ እንደ ጎመን በየደጁ አይዞርም፣ እህቴ።»

«የደቅ ሴቶችስ? በእርስዎ መስኮት አያልፉም እኮ።»

«ባሕር ዳር ሲመጡ ያልፋሉ!»

ወለተ ኪዳን ሳቀች። የደቅ ሴት ባሕር ዳር በዓመት አንዴ ብትመጣ ለጨው፣ ለላምባና ለሐኪም ነው። መጽሐፍ ቤት ብትገባ መንገድ ጠፍቷት ይሆናል። አመስግናቸው ወጣች፤ ሣጥኖቿንም እሑድ እሑድ ወደ ጎርጎራ በሚሄደው መርከብ ጫነች። ደልጊ ላይ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጠች፤ ጎርጎራ ላይ ወደቡ አጠገብ ላለው ሻይ ቤት ሰጠች። ደቅ ላይ ጨውና ሳሙና የሚሸጠው አገኘሁ አርባ ቅጂ ተረከባት።

ከዚያ በኋላማ ሥራዋን ተዉት። በመስኮቱ የምታያት ታንኳ ሁሉ የእሷን መጽሐፍ የጫነች መሰላት። ደንገሉ ሲወዛወዝ ሴቶች ገጽ ሲገልጡ ይሰማታል። ያቺ ደጇ ላይ ተቀምጣ፣ ያቺ መረብ ሥር፣ ያቺ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ሁሉም እያነበቡ ይታዩዋታል። ሦስት ወር እንዲህ በደስታ ተንሳፈፈች።

በሦስተኛው ወር በመርከቡ ሰዎች እጅ መልእክት መጣላት። ልብስ ሰፊው «አንድ ሄዷል» አለ። የጎርጎራው ሻይ ቤት «ሁለት፤ አንዱን ራሴ ነኝ የገዛሁት» አለ። አገኘሁም «ደቅ፦ አንድ» ብሎ ጻፈላት።

አንድ! አርባ ተልኮ አንድ! ወለተ ኪዳን ወረቀቱን ጨብጣ ቁጭ አለች። ሌላው ሌላ ነው፤ የደቅ ግን አንጀቷን በላው። ሴቶቹ አልፈለጉትም ማለት ነው። ወይም ይባስ ብሎ ፊደሉ ጠፍቷቸው አልቋል፤ እሷ ዘግይታለች። ፊቷን ታጥባ አቶ ሣህሉ ዘንድ ሄደች።

እሳቸውም አልተቆጡም፤ መስኮቱ ላይ ያሰቡላት ቦታም ገና ባዶ ነበር። «እቀበላለሁ» አሉ፣ «ግን መጀመሪያ የበተንሽውን ሰብስቢ። አንድም ቅጂ በየወደቡ እንዳይቀር።»

«እሰበስባለሁ» አለች።

በታኅሣሥ ወር፣ በአንዱ እሑድ መርከቡ ላይ ወጣች። ደቅ ላይ ጭነት ሲራገፍ ወርዳ ሣጥኗን ታስጭናለች፤ ከዚያ በዚያው መርከብ ወደ ደልጊና ጎርጎራ ትቀጥላለች። ሐይቁ ያን ዕለት እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር። ደሴቶቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ቀረብ ሲሏቸው ዛፍ ይሆናሉ፤ አልፈው ሲሄዱ እንደገና ምንም ይሆናሉ። ወለተ ኪዳን የመርከቡን ብረት ተደግፋ፣ ወደ ደቅ የምትሄደው መጽሐፍ ልትወስድ ሳይሆን እናቷን ልትጠይቅ መሆኑን ራሷን ለማሳመን ሞከረች። እስከ ወደቡ ድረስ ሆነላት።

አገኘሁ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ተቀበላት። ሣጥኑ ከጨው ጆንያ ሥር ነው። ከላይ አንድ ቅጂ ከመጉደሉ በቀር አልተነካም።

«አይጥ እንዳይበላው ብዬ ሸሸግሁት» አላት። «አንዷን አውጥቼ ደረደርሁ፤ በማግሥቱ ተገዛች። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም።»

«አንዷንስ ማን ገዛት?»

«እትየ ሰገነት ናቸዋ። ለሴቶቹ ማኅበር ብለው። ዛሬ ማርያም አይደለች? እነሱ የብርጓል ቤት ናቸው።»

መርከቡ እህል እስኪጭን ጊዜ ነበረ። ቢያንስ ያችን አንዷን ላያት ብላ ወደ የብርጓል ቤት ወጣች። የብርጓል የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት፤ ከወይዘሮ አገርነሽ ጋር ዋርካው ሥር ከተማሩት አንዷ፣ ያኔ ልጅ እግር የነበረች። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው ሄደዋል። አሥራ ሁለት ያህል ሴቶች በመደቡ ላይ ተደርድረዋል። መሀላቸው ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ከጽዋው ጎን፣ በዚያው ዓይነት ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ነገር አለ። ጨርቁ ሲገለጥ «የውኃ ዳር ወሬ» ሆኖ ወጣ። ጥጋ ጥጉ ተበልቷል፤ ገጾቹ በጣት ብዛት ጠቁረዋል።

«የአገርነሽ ልጅ!» አሉ እትየ ሰገነት፣ የማኅበሩ ትልቅ ሴት። አገላብጠው ሳሟትና ከጎናቸው አስቀመጧት። «በደህና ቀን መጣሽ። መጽሐፍሽ የብርጓል ቤት ናት።»

«እዚህ ነው የምታስቀምጡት?»

«ምን ይቀመጣል! ከጽዋው ጋር ይዞራል እንጂ። ጽዋው የሄደበት ቤት እሱም ይሄዳል። ባለተራዋ ወር ሙሉ ታጠናዋለች፤ በሃያ አንድ ቀን ደግሞ አንድ ወሬ ታነብልናለች። ሳታጠና የቀረበች ዳቦዋ ምን ቢያምር እንቀጣታለን። ኅዳር ላይ ፊደል ጠፍቶብኛል ያለችውን ሳይቀር ወር ሙሉ ተቀምጣ አገኘችው።»

ወለተ ኪዳን የጠቆሩትን ገጾች ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ታዲያ» አለች በመጨረሻ፣ «ለየራሳችሁ ለምን አልገዛችሁም?»

ሴቶቹ ተያዩ። «ሌላም አለው እንዴ?» አለች የብርጓል።

«አርባ ልኬ ነበር እኮ።»

«አርባ!» እትየ ሰገነት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የቤተ ክርስቲያኑ ተአምረ ማርያም አንድ ነው። የአባትሽ ዳዊት አንድ ነበር። የመማሪያው መጽሐፍ በሣጥን ቢመጣ የመንግሥት ነው። ይኸ ግን ስምሽ አለበት። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይጽፋል ብለን ነው? እኛ እኮ በእሱ የተነሣ ከወዲያ ማዶ ማኅበር ጋር ተኳርፈናል! አውሱን አሉ፤ ጽዋ ይዋሳል ወይ ብለን መለስናቸው። ሁለት ወር ሰላምታ የለንም።»

«ሠላሳ ዘጠኙ አገኘሁ ሱቅ፣ ጨው ሥር ነው» አለች ወለተ ኪዳን፤ ከዚያ በኋላ ማልቀሷንና መሳቋን መለየት አቃታት። ሴቶቹም ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። የወዲያ ማዶዎቹ ይታረቁ፣ ዘጌ ያለው የእህቴ ማኅበርም ያግኝ፣ የመድኃኔ ዓለሞቹስ፣ አገኘሁማ ጉዱ ይፈላል እያሉ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። ደልጊም አንድ፣ ጎርጎራም ሁለት ያለው መልእክት አሁን ገባት። እሷ ሰው ስትቆጥር የከረመችው ለካ መቆጠር የነበረበት ማኅበር ኖሯል።

«በሉ ዝም በሉ» አሉ እትየ ሰገነት። «ንባቡ ሳይጀመር ዳቦው ሊደርቅ ነው።»

የብርጓል መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ገለጠች። ያኔ ከታች መርከቡ ጮኸ። ሁለተኛም ጮኸ። ወለተ ኪዳን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። አቶ ሣህሉ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ሣጥን ሙሉ ይሰጣቸዋል፤ ሁሉንም ግን አይወስዱም። ከፈለጉ መስኮቱን ለሌላ ይስጡት። መርከቡ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸና ድምፁ በውኃው ላይ እየሳሳ ወደ ደልጊ ሄደ።

የብርጓል ማንበብ ጀመረች። ልጆቿ በታንኳ ገበያ የሄዱባት ሴት ወሬ ነበር። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች፣ ከንፈሯ ጣቷን እየቀደመ፣ ጣቷ ከንፈሯን እየጎተተ ሄደች። ወለተ ኪዳን የገዛ ቃሏን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የራሷ አልመስል አላት። «ሴትዮዋ በጉሙ ውስጥ ምንም አይታያትም። ሴትዮዋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ልጆቿ…»

«እን… ደ… ሚ…» አለች የብርጓል፣ ቆመችም። እንደገና ሞከረች። ቃሉ ረጅም ነው፤ መሀሉ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ሴቶቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ።

ወለተ ኪዳን አላስቻላትም። «እንደሚ—» ብላ ልታቀብላት ጀመረች።

እትየ ሰገነት ጉልበቷን ያዝ አደረጉ። «ዝም በይ» አሏት፣ በለሆሳስ። «አንቺስ ጻፍሽው። አሁን የእሷ ነው፤ ራሷ ታውጣው።»

የብርጓል ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጣቷን ወደ ቃሉ መጀመሪያ መለሰች፤ ፊደል በፊደል እየረገጠች ሄደችና «እንደሚመለሱላት» አለች። ቀና ብላ ሁሉንም አየቻቸው። ከዚያ ጣቷን አንሥታ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች።