የገዛ ድምፅዋን ያላቋረጠችው እትዬ ሃሎ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ሃሎ ነው የሚላት። በትልቁ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። የታማሚ ዘመድ ሲደውል አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ደግሞ የሚፈልገውን ክፍል ረስቶ ስለ ጎረቤቱ ክፋት ይተርካል። እሷ ማንንም አታቋርጥም። ሥራ በጀመረች ቀን አለቃዋ፣ "መስመር ላይ ያለው ሰው ይቅደም፤ አንቺ ትደርሻለሽ" ብላት ነበር። ያች ቃል አጥንቷ ድረስ ገባች። አናጢው ባሏ ሲያንኮራፋ እንኳ የጀመረችውን ወሬ አቁማ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች ይባላል፤ ይቺኛዋ ግን ጎረቤት የጨመራት ሳትሆን አትቀርም።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ጭር አለባት። አናጢው ደግ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ግቢው ጥግ ካለችው ሥራ ቤቱ ውስጥ ከመጋዙ ጋር ነው የሚያወራው። ልጆቹ በየፊናቸው ሄደዋል። አንድ ጠዋት ድስት ልታወጣ ስትል ከአፏ ቃል አመለጣት።

"ለድስቱ 'ትንሽ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ' አልኩት እኮ!" አለችው ባሏን።

"ታዲያ አገናኘሽው?" ብሎ ሳቀ አናጢው። እሷ አልሳቀችም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሲሰማው የኖረ ድምፅ ከድስት ጋር መቅረቱ ከነከናት።

እንዲህ እያለች ሳለ ነው የቤተ መጻሕፍቱን ማስታወቂያ ያየችው። ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብ፣ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ቀርጾ የሚልክ ሰው ይፈለጋል ይላል። ልጇ ትታላት የሄደችው ኮምፒውተር አለ። ከአንድ ጎረቤት ማይክ ተዋሰች፣ አንድ ምዕራፍ አንብባ ላከች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወለችላት።

"እናቴ፣ ድምፅዎ ማር ነው። ከኋላዎ ግን ወፍጮ ቤት አለ።"

"ወፍጮ የለኝም፣ ልጄ።"

"የኮምፒውተሩ ጩኸት ነው። እስከ ዓርብ አጥርተው ከላኩልኝ ቦታው የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው፤ እኔም ከዚህ በላይ ማቆየት አልችልም።"

ስልኩን ዘግታ አናጢውን ከሥራ ቤቱ ጠራችው። ባልና ሚስት ያንኑ ዕለት ወደ ኮምፒውተር ዕቃ መደብር ሄዱ። ባለ ሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ማይኩን የሰኩበት ቀዳዳ ከማራገቢያውና ከሽቦው ጋር ተጎራብቶ ነው የሚኖረው፤ የጎረቤቱን ጩኸት አብሮ ይቀርጻል። ውጪ የሚቀመጥ፣ ድምፁን ለብቻው የሚቀበል ሳውንድ ካርድ ነው የሚያስፈልግዎ" አለና ሁለት ሳጥን አወጣ። አንዱ ስምንት የማይክ መሰኪያ ያለው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ የሚያስፈራ ነገር ነው። ሌላው የሳሙና ሳጥን የምታክል፣ ባለ አንድ መሰኪያ ናት።

የአናጢው ዓይን ትልቁ ላይ ተተከለ። "ይሄ ነው ዕቃ!"

"ስንት ሰው ነው የሚያነበው?" ጠየቀ ባለ ሱቁ።

"እኔ ብቻ" አለች እትዬ ሃሎ።

"እንግዲያው ሰባቱ መሰኪያ ሥራ ፈት ነው።"

"ይኑር! እንግዳ ቢመጣስ?" አለ አናጢው።

"እንግዳ ሲመጣ ወንበር ነው የሚቀርብለት፣ ማይክ አይደለም" አለችና ትንሿን አነሳች። ባለ ሱቁ ሲሸኛቸው፣ "የካርዷን ድራይቨር ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ መጫን እንዳትረሱ" አለ። አናጢው በትልቁ ሳጥን አኩርፎ ስለነበር አልሰማም፤ እሷ ሰምታለች፣ ግን ምን እንደሆነ መጠየቅ አፍራ ተከትላው ወጣች።

ቤት ገብተው ሲሰኳት ትንሿ ካርድ አረንጓዴ መብራቷን አበራች፤ ኮምፒውተሩም ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበላት።

"ድራይቨር ምናምን ያለውስ?" አለች።

"በገዛ እጇ እየሠራች ምን ያስነካካናል? የሚሠራ ነገር አይነካም" አለ አናጢው።

ወፍጮው በእርግጥ ጠፍቷል። እትዬ ሃሎ ከካርዷ ጋር የመጣውን የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀች፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። "ፀሐይ ገና..." አለችና ዝም። "ከተራራው ጀርባ..." ዝም። "ብቅ ስትል..." ዝም። መልሰው ሲያዳምጡት ደረጃ የምትወጣ አሮጊት ትመስላለች፤ በየእርምጃው ታርፋለች። ደጋግማ ሞከረች፤ እያደር ባሰባት። ሐሙስ ጠዋት ማዳመጫውን አውልቃ አልጋው ላይ ወረወረችው።

"አርጅቻለሁ፤ ትንፋሼ አልቋል። ለሴትዮዋ ደውዬ ቦታውን ለሌላው ስጪው ልበላት።"

አናጢው እንዲህ ስትል ሰምቷት አያውቅም። ደነገጠ፤ ድንጋጤውን ግን በቁጣ ሸፈነው። "ምን ትንፋሽ! ይቺ የሳሙና ሳጥን ናት ጉደኛዋ። ስምንቱን እንግዛ አላልኩም? ነይ፣ እንለውጣለን!" ብሎ ኮምፒውተሩን ከነካርዱ ተሸክሞ ወጣ። እሷም ማይኩንና ማዳመጫውን ይዛ ተከተለችው።

ባለ ሱቁ ክርክሩን ሰምቶ አልተከራከረም። ሁሉንም ሰክቶ፣ "እስቲ እንደ ቤትዎ ያንብቡልኝ" አላት። አነበበች። ቆመች። አነበበች። ቆመች። እሱ የሚያየው ከንፈሯን ሳይሆን አኳኋኗን ነበር፤ በቆመች ቁጥር ሰው እንደምታዳምጥ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች።

"እናቴ፣ ለምንድነው የሚቆሙት?"

"ትጨርስ ብዬ ነዋ!"

"ማን?"

"ከውስጥ የምትናገረዋ። እኔ ስናገር ትከተለኛለች። በላይዋ ላይ ልናገርባት?"

ባለ ሱቁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ "ሃሎ" አለ፤ ቆየት ብሎ የገዛ "ሃሎ"ው መጣለት። ሳቁ አፈነው። "እናቴ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ ነዎት!"

"እኔ?" ክው አለች። ለካ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! በማይኩ የገባ ድምፅዋ ዘግይቶ ሲመለስ፣ እንደ ሩቅ አገር ስልክ፣ እሷ በጨዋ ደንብ ለራሷ መንገድ ስትለቅ ሰንብታለች። አናጢው ግድግዳ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "በኔ ላይ ግን ስንቴ ተናግረሽብኛል!"

"አንተማ የምትጨርስ ሰው አይደለህም" አለችው፤ እሷም ሳቋ መጣ።

ባለ ሱቁ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ፣ "ድራይቨሩን አልጫናችሁም" አለ። እትዬ ሃሎ በዚህ ጊዜ አላፈረችም። "እሱ ነገር ምንድነው?"

"ካርዷ አንድ ቋንቋ ትናገራለች፣ ኮምፒውተሩ ሌላ። ድራይቨር አስተርጓሚያቸው ነው። ኮምፒውተሩ ለመጣ ለሄደ ሁሉ የሚያቆመው አንድ አስተርጓሚ አለው፤ ይሠራል፣ ግን ይንቀረፈፋል። የካርዷ ሠሪዎች ያዘጋጁት ደግሞ ጠባይዋን ያውቃል፣ ቶሎ ያደርሳል።" ከድረ ገጹ አውርዶ ጫነው። "ደግሞ ኮምፒውተሩ ድምፁን በእፍኝ በእፍኝ ነው የሚያነሳው። እፍኙ ሲበዛ ይዘገያል" አለና መጠኑን እስከ መጨረሻው አሳነሰው።

አነበበች። ድምፅዋ አልዘገየም፤ ግን እሳት ላይ እንደተበተነ ጨው ይንጣጣ ጀመር።

"አየህ፣ ተበላሸች!" አለ አናጢው።

"ኮምፒውተሩ ሥራ በዛበት እንጂ የተበላሸ ነገር የለም። በጣም ትንሽ ትንሽ እያነሳ መመላለሱ ከብዶት ከእጁ እያንጠባጠበ ነው።" እፍኙን ከፍ አደረገው፤ መንጣጣቱ ቀነሰ። አሁንም ጥቂት ጨመረ፤ ጠፋ።

እትዬ ሃሎ ማዳመጫውን አጠለቀች። "ፀሐይ ገና ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል..." ድምፅዋ ጆሮዋ ውስጥ ከአፏ ጋር እኩል ወጣ። ለመቆም ቃጣት፤ የምትጠብቀው ሰው አልነበረም። ቀጠለች። ዕቃ ሊገዛ የገባ ሰው ሳንቲሙን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ገጹን ጨርሳ ቀና ስትል፣ "ከዚያስ?" አላት።

ዓርብ ጠዋት አናጢው መጋዙን አጥፍቶ ደጃፉ ላይ ዘብ ቆመ፤ እሷ ምዕራፉን አንብባ ላከች። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ኃላፊዋ ብዙ አላወራችም። "ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፣ እናቴ። ከዛሬ ጀምሮ ከኛ ጋር ነዎት። መጽሐፍ ልኬልዎታለሁ።"

እትዬ ሃሎ የፍቅር ታሪክ ይሆናል ብላ ልቧ ቆሞ ጠበቀች። የመጣው ወፍራም መጽሐፍ ስለ ዶሮ እርባታ ነው። አናጢው ርእሱን አይቶ ሊስቅ ሲል ዓይኗን አይቶ ተወው።

"የሚያረባ ሰው ይፈልገዋል" አለችና በሩን ዘጋች።

ከሥራ ቤቱ የመጋዝ ድምፅ አልተሰማም። የጫጩቶቹ ምዕራፍ ላይ ደርሳ፣ አንዲት እናት ዶሮ እንቁላሎቿን ጥላ ስትሄድ ምን መደረግ እንዳለበት በሐዘን ስታነብ በሩ ገርበብ አለ። የአናጢው ራስ ብቅ አለ፤ ጺሙ ላይ የእንጨት ዱቄት አለ።

"አንቺ... ተመለሰች ወይስ በዚያው ቀረች?"

እትዬ ሃሎ ቀረጻውን አቆመች። ከዚህ መልሳ ማንበብ ሊኖርባት ነው። ቢሆንም አልተቆጣችም፤ በእግሯ ወንበር ስባ ሰጠችው።

"ቁጭ በል፤ ግን ትንፍሽ እንዳትል" አለችውና ገጹን ከላይ ጀመረችው።