ወደ ፀሐይ የተከፈተ አፍ

የእናቴ አባት ጋፋት ባለው ቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሕፃን ሁሉ ያስቆሙ ነበር። «እስቲ አፍህን ወደ ፀሐይ ክፈት» ይሉታል። ጉሮሮው ቀልቶ ካዩት እናቱን ተጣርተው፣ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው!» ብለው ይቆጣሉ። ሰው ይስቅባቸው ነበር፤ እኔ ግን ስቄ አላውቅም።

በልጅነቴ ጉሮሮዬን ደጋግሞ ሲያመኝ፣ «እንጥሏ ወርዶ ነው» ብለው እንደ አገሩ ልማድ እንጥሌን ያስቆረጡኝ እሳቸው ነበሩ። ካደግሁ በኋላ ዳገት መውጣት ሲያቅተኝ ደብረ ታቦር ይዘውኝ ሄዱ። ሐኪሙ፣ «ያኔ ሳይታከም የቀረው የጉሮሮ ሕመም ልቧን ጎድቶታል» አላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ አያቴ ፊታቸውን አዙረው፣ «ድነሽልኝ መስሎኝ እኮ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ሕፃናቱን ማስቆም የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አያቴ በተቀበሩ ማግስት፣ ለቀስተኛው ገና ሳይመጣ፣ የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ደጃፋችን ደረሰች። ባዶው ድንጋይ ፊት ቆማ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አፏን ወደ ፀሐይ ከፈተች። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጉሮሮዋ ደም መስሏል። የታመመ ልቤ እየተንደፋደፈ እናቷን ተጣራሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን የእሳቸው ቁጣ ነበር።