ስንተኛ የሌለው የሮስቪታ ኮምፒውተር

ሮስቪታ በኦስትሪያዋ ሊንትስ ከተማ ትራም ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ከጓደኞቿ ጋር ዚተር የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ መምታትና የሚጫወቱትን ኖታ በኮምፒውተር እየጻፈች ማተም ሆነ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ለአዲሱ ሲስተም እንደማይበቃና ሌላ እንድትገዛ የሚነግር ማስታወቂያ አወጣባት። ገና ደህና እየሠራ! ግራ ገባት።

ፎቅ ላይ የሚኖረው ኦቶካር፣ የቀድሞ ሰዓት ሠሪ፣ ወርዶ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም በነፃ ጫነላት።

«ይኼ ስንተኛው እትም ነው?» አለችው።

«ስንተኛ የለውም፣ ወይዘሮ ሮስቪታ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይታደሳል እንጂ አዲስ እትም የሚባል ነገር የለውም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም።»

«ያላለቀ ነገር ነው እንዴ የጫኑብኝ?»

«ለጀማሪ እኮ ነው የተሠራው! አዲሱን ሌሎች ቀድመው ይሞክሩታል፤ ደህና ከሆነ ወደ እርስዎ ይመጣል። ‹አድስ› ሲልዎ እሺ ማለት ነው።»

እሺ እያለች ከረመች። ፈጣን ነው፤ ግዢም ብሎ አይነዘንዛትም። ግን አንድ ጠዋት ስትከፍተው የማተሚያው ምልክት ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ ቀለሙም ሌላ ነው። ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

«ኮምፒውተሬን ሰው ነክቶታል!»

«ማንም አልነካው፤ ታድሶ ነው። እሺ ብለው የለ?»

«እሺ ያልኩት እኮ ጥያቄው ከፊቴ እንዲጠፋልኝ ነው!»

በመኸሩ በዓል ዕለት ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ኖታ ልታትም ስትል ስክሪኑ ጠቁሮ ነጫጭ ፊደላት ብቻ ቀሩበት። ኦቶካር ተራራ ወጥቷል። ስልክ ደወለች።

«አጥፍተው ያብሩት» አላት። «ሲነሳ ምርጫ ያመጣል። አዲሱን ይተዉና ከሥሩ ያለውን የቆየውን ይምረጡ።»

«አዲሱ ይሻላል አላሉም ነበር?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ አሮጌው ይሻላል።»

«ነገስ?»

«ነገ አዲሱ። ሠሪዎቹ ካስተካከሉት።»

ሮስቪታ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። ያላትን አደረገች፤ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣ። ኖታው ታተመ። መድረክ ላይ ግን ሐሳቧ ኮምፒውተሩ ጋ ቀርቶ ኖሮ ሁለት ጊዜ ሳተች።

ከጨዋታው በኋላ አብራት የምትመታው ጉንሂልድ ጠጋ አለች። «የኔንም ኮምፒውተር አርጅቷል አሉኝ። ያንቺ እንዴት ነው?»

«እኔ እንጃ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሁልጊዜ ደግሞ ሌላ ነው።»

«ይሻላል! ባሌ ሁልጊዜ ያው ነው።»

በሳምንቱ ጉንሂልድ ኮምፒውተሯን በፎጣ ጠቅልላ መጣች። ሮስቪታ ኬክ አቀረበችላትና ኦቶካር የሰጣትን ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሰክታ ራሷ መጫን ጀመረች። የማይገቡ ቃላት በስክሪኑ ላይ ይሮጡ ጀመር።

«ምን እያለ ነው?» አለች ጉንሂልድ።

«አላውቅም» አለች ሮስቪታ። «ሲጨርስ ዝም ይላል። ኬኩን ብዪ።»